«የጾም አለ»፦ በአራዳ ምግብ ቤቶች ሥጋ የሌለበትን ወጥ ስለ መሰየም

በአራዳና በፒያሳ በኩል በእግሩ የሚሄድ ሰው በትናንሽ ምግብ ቤቶች በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ «የጾም አለ» የሚል ሰሌዳ ሳያይ አይቀርም። ቃሉ ሁለት ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ሥራ ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም፣ ይህ ሰሌዳ እንግዳውን ከመንገድ ጠርቶ ያስገባዋል። ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ሲሆን ግን ያው ሰሌዳ፣ ያው ምስር ወጥ፣ ያው እንጀራ እያለ፣ ሰውየው አንብቦ «ዛሬ ፍስክ አይደለም እንዴ?» ይልና ጥብስ ወደሚሸትበት ቤት ያልፋል። ወጡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀኑ ነው። ቀኑን ወደ ወጡ ውስጥ ያስገባው ደግሞ ስሙ ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር ያነሣሣኝ የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን አልደብቅም። አክስቴ በፒያሳ በዶሮ ማነቂያ ከሃያ ዓመት በላይ ምግብ ቤት ይዘው ኖረዋል። (ስሙ ዶሮ ማነቂያ በሆነ ሰፈር ሽሮ እየሸጡ ልጆች ማሳደግ ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው።) በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ስለ ፈረሰ፣ ድስታቸውንና ምጣዳቸውን ይዘው ወደ አፍንጮ በር አካባቢ ሄዱ። በቀድሞው ቤታቸው ሰሌዳ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ደንበኛው ሁሉ በስም የሚታወቅ፣ ከደጅ ሆኖ «እትዬ፣ ዛሬ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር። እርሳቸውም «ና ግባ፣ ያቺ የምትወዳት ሽሮ አለች» ይሉት ነበር። በአዲሱ ቦታ የሚያልፈው ሰው አያውቃቸውም። ስለዚህ ሰሌዳ ገዙ፤ እንደ ጎረቤቶቻቸውም «የጾም አለ» ብለው አስጻፉ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። በፍስክ ቀን ማታ ማታ ከድስቱ የሚተርፈው ምስር እየበዛ መሄዱን ያየሁትም እኔው ነኝ። ዘወትር ሥጋ እንዳይሠሩ የሥጋ ዋጋ ደንበኛቸው ከሚከፍለው በላይ ሆኗል፤ የቤት ኪራዩ ደግሞ ጾምና ፍስክ አይለይም። እንግዲህ ጥያቄው ለእኔ የትምህርት ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

በመጀመሪያ የእኛ አገር ሥጋ በሊታ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌላው ዓለም ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ሥጋ የሚበላና አትክልት የሚበላ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ተደርገው ይቈጠራሉ። በአራዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምታውጃቸው አጽዋማት ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነነዌ ጾም 3 ቀን ነው። የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፣ ገሃድ፣ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀኖች በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብም አሉ። ሁሉ ሲደመር አንድ ምእመን በዓመት ውስጥ ወደ 180 ቀን፣ ካህን ሲሆን ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለከላል። በቅበላ ማታ ቁርጥ ሲያወራርድ ያመሸው ሰው በማግሥቱ ስለ ሽሮ ውፍረትና ቅጥነት የሚከራከር ዐዋቂ ነው። ምስር ቀምሶ የማያውቅ ሥጋ በሊታ በእኛ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ችግሩ ምግቡን አለማወቅ ሳይሆን፣ ምግቡ በሰውየው አእምሮ ውስጥ ከአንድ ዓይነት ቀን ጋር ታስሮ መቅረቱ ነው።

የስም ኃይል በሌላ አገር በቁጥር ተመዝኗል። ብራድሊ ተርንዋልድ፣ ዳንየል ቦልስና አሊያ ክረም የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሽ ያደረጉትን ፈተና በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) አሳትመዋል። በየቀኑ አንድ አትክልት ይመርጡና አሠራሩን ምንም ሳይለውጡ ስሙን ብቻ በአራት መንገድ ይለዋውጡት ነበር። ለምሳሌ ቀይ ሥርን አንድ ጊዜ እንዲያው «ቀይ ሥር» አሉት። አንድ ጊዜ ስኳር ያልተጨመረበት ቀለል ያለ መሆኑን፣ አንድ ጊዜ ለጤና መስማማቱን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሚጥሚጣ ቢጤና ሎሚ የገባበት የሚያቃጥል መሆኑን የሚናገር ስም ሰጡት። በ46 ቀን ውስጥ ከተመገቡት 27,933 ተስተናጋጆች አትክልቱን ያነሡት 8,279 ናቸው። በሚያስጎመጀው ስም በተጠራበት ቀን አትክልቱን ያነሣው ሰው፣ በተራ ስሙ ከተጠራበት ቀን በ25 በመቶ፣ ጤናን ከሚያወሳው ስም በ35 በመቶ፣ የጎደለውን ነገር ከሚያወሳው ስም ደግሞ በ41 በመቶ በለጠ። አንባቢ ሆይ፣ የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በል። ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያርቀው ምግቡ የሌለውን ነገር ቈጥሮ የሚናገረው ስም ነው።

በእንግሊዝ አገርም ሴንስበሪ የተባለው የሱቆች ድርጅት በምግብ ቤቶቹ «ሥጋ የሌለው ቋሊማ» ይለው የነበረውን ምግብ በከምበርላንድ ቅመም የተዘጋጀ መሆኑን በሚናገር ስም ቢለውጠው ሽያጩ በ76 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል።

እኔ ለዚህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የተማርኩት በአንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ በሳምንት ጥቂት ቀን ሥጋ አይቀርብም ነበር፤ ምክንያቱ ግን ጾም ሳይሆን ጤና ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ሥጋ የሌለው ጤናማ ምሳ» ተብሎ ይጻፋል። በእናቶቻችን ቤት በፉክክር የምንበላውን ክክ ወጥ በዚያ ስም ተጠርቶ ሲመጣብን እንደ ኪኒን እያየነው እንውጠው ነበር። ወጥ ቤቷ የምስኪን ሰው እጅ ነበራት፤ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም።

በእኛ አገር ጤናን ከአትክልት ጋር ማያያዝ ሌላም ጠንቅ አለው። «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል። ትርጓሜው ጭንቅ ካለበት ድግስ ይልቅ በሰላም የሚበላ ጥቂት ነገር ይሻላል ማለት ነው። ነገር ግን ተረቱ ጎመንን ለምን መረጠ? ሌላ የሌለው ሰው የሚበላው እርሱን ስለ ሆነ ነው። በመስከረም የጎመን ምንቸት ይውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ይግባ የሚባለውም የክረምቱ ችግር አለፈ ለማለት ነው። ስለዚህ ለአራዳ ሰው «ይህ ለጤናህ ይስማማል» ብሎ ጎመን ማቅረብ፣ ሳያስቡት «ደኸየህ» እንደ ማለት ሊሆንበት ይችላል። ይህን ያልተረዳ የጤና አስተማሪ ብዙ ቀን ጎመን አመስግኖ አንድ ሰው ሳያሳምን ይመለሳል።

አሁን ሥጋ እንዴት እንደሚጠራ እንመልከት። ሥጋ ቤት ገብቶ «ሥጋ ስጠኝ» ብሎ የሚያበቃ ሰው የለም። ሻኛ፣ ጎድን፣ ታላቅ፣ ዳቢት፣ ሽንጥ እያለ ከየትኛው ብልት እንደሚፈልግ ይናገራል። ጥብሱም ዝልዝል፣ ደረቅ፣ በአዋዜ፣ ወይም ከነፍሙ በሸክላ የሚመጣው ነው። ክትፎ ሲያዝዝ ጥሬ ወይም ለብለብ ይላል። ዶሮም በደንቡ 12 ብልት አላት፤ እያንዳንዱም ስም አለው፤ የትኛው ለማን እንደሚቀርብም የታወቀ ነው። እንግዲህ የሥጋ ስም ቢላዋውንና እሳቱን ያሳያል፤ ምራቅም የሚመጣው ከዚያ ነው። ወደ አትክልቱ ስንመጣ ግን ከምስሩ፣ ከጎመኑ፣ ከክኩና ከሽሮው በላይ አንድ ክዳን ተደፍቶ «የጾም» ተብሎ ይቀራል። አሳላፊው «ምን ልታዘዝ?» ይላል፤ እንግዳው «የጾም ምን አለ?» ይላል፤ አሳላፊውም ዐይኑን ወደ ጣራው አቅንቶ በአንድ ትንፋሽ ስምንት ነገር ይዘረዝርለታል። ከስምንቱ የሚሰማው የመጨረሻዋን ነው።

ይህ የሆነው በቋንቋው ድኽነት እንዳይመስላችሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ እስኪዛወር ድረስ አትክልት ተራ በዚሁ በፒያሳ ነበር። እዚያ የቆመች ነጋዴ «አትክልት አለኝ» ስትል ተሰምታ አታውቅም። የሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ሽንኩርትና የፈረንጅ ሽንኩርት ለእርሷ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከገበያው እስከ ምግብ ቤቱ በር ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ ነገር ግን በዚያች አጭር መንገድ ስሞቹ ሁሉ ከዘንቢሉ ይፈስሱ ነበር።

ከወጥ ቤትም ቢሆን የወጡ መልካም ስሞች አሉ። ሽሮን ብቻ ብንወስድ፣ ቀጠን ብላ የምትፈስሰው ፈሰስ ትባላለች፤ ወፈር ብላ በጣባ እየተንተከተከች የምትመጣው ተጋቢኖ ናት፤ ሥጋ ጣል የተደረገባት ቦዘና ናት። ቃሪያ ሆዱ ተከፍቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሰነግበት ስንግ ይባላል፤ ስሙን የሰማ ሰው አሠራሩን ዐየ ማለት ነው። ድፍን ምስር ተቀቅሎ በሰናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ ሲለወስ አዚፋ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በሎሚ ታሽቶ ቀዝቅዞ ሲቀርብ ቡቲቻ ነው። ባቄላው ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ተብላልቶ ሥልጆ ይሆናል። እነዚህ ስሞች «የጾም» የሚል ቅጽል ሳይለጠፍባቸው በራሳቸው የቆሙ ናቸው። በያይነቱ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይገርመኛል። የፍስክ በያይነቱ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ሰው እንዲያው «በያይነቱ» ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ የሚመጣለት ሥጋ የሌለበት ትሪ ነው። ስሙ የጎደለውን አይቈጥርም፤ የመጣውን ብዛት ይናገራል። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል በያይነቱና ሽሮ ከቀን መቁጠሪያው አምልጠው በፍስክ ቀንም የሚታዘዙት።

ሌላም ያመለጠ አለ፤ እርሱም ከጣሊያኖች የተወረሰው ፓስታ ነው። ፓስታ በቲማቲም በጾም ቀን ይበላል፤ ነገር ግን ማንም ሰው የጾም ምግብ ነው ብሎ አያስበውም። ሐሙስ ቀን ጥብስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚለው ሰው ፓስታ በቲማቲም አዝዞ ሥጋ የሌለበት መሆኑ ትዝ ሳይለው ይነሣል። የፒያሳ ምግብ ቤቶች ይህን ምሥጢር ከማንም ቀድመው ይዘውት ሳለ ወደ ምስሩ አላሻገሩትም።

አንዳንዶች ደግሞ ከሥጋ ስም መዋስን ይመርጣሉ። ከጥንት መሰሎቻችን አንዱ የሽምብራ ዓሣ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት ይቦካና በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፤ በዘይት ይጠበሳል፤ በበርበሬ ወጥ ውስጥ ገብቶ ይበስላል። ዛሬ በኬክ ቤቶች የጾም በርገር የሚባለው የዚሁ ዘመድ ነው። በአውሮፓ ይህ ነገር ሙግት አስነሥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) ከዕፀዋት ብቻ የተሠራ ነገር «ወተት» ወይም «ቅቤ» ተብሎ እንዳይሸጥ ወስኗል። በእኛ ዘንድ የሽምብራ ዓሣ ማንንም አታልሎ አያውቅም፤ ምክንያቱም የአማርኛ ሰዋስው ሽምብራውን ከፊት፣ ዓሣውን ከኋላ ያስቀምጣል። ሰሚው ዓሣ ከመድረሱ በፊት ሽምብራ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ሕግ የጣስኩት እኔ ነኝ። አክስቴ እንጉዳይ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሰው ነበር፤ ሰሌዳው ስለ ጠበበኝ «የእንጉዳይ» የሚለውን ከላይ በትንሹ፣ «ጥብስ» የሚለውን ከታች በትልቁ ጻፍኩት። አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ አናጢ ገብተው አዘዙ። ሳሕኑ ሲቀርብላቸው ዝም ብለው ጥቂት ተመለከቱትና «አንተ ልጅ፣ በጥብስ ጠርተህ በእንጉዳይ ትሸኘኛለህ?» አሉኝ። አክስቴ ይቅርታ ጠይቀው ተጋቢኖ አቀረቡላቸውና ገንዘብ አልተቀበሉም። እንጉዳዩ ግን መልካም ነበር፤ ስሙ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይወዱት ነበር። በውሰት ስም የተጠራ ምግብ ከመቀመሱ በፊት ከባለ ስሙ ጋር ይመዘናል፤ ሚዛኑም አይደላለትም።

ከዚያ በፊት የሠራሁት ስሕተትም አለ። የስታንፎርዱን ጥናት አንብቤ በጣም ተደስቼ ስለ ነበር ሰሌዳውን በምስጋና ሞላሁት፤ «እጅ የሚያስቆረጥም ሽሮ»፣ «አፍ የሚያስከፍት ምስር»፣ «ልዩ ጣዕም ያለው ጎመን» እያልኩ። የአራዳ ልጅ መቼም ዝም ብሎ አያልፍም። አንዱ ቆም ብሎ ጮክ እያለ አነበበና «እጄን ከቆረጠምኩማ ነገ በምን ልበላ ነው?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። የገባ ሰው አልነበረም። ማታ አክስቴ፣ «ልጄ፣ ምግብን ባለቤቱ አያመሰግነውም፤ የሚያመሰግነው እንግዳ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ልማድ ባለቤቲቱ ሦስት ቀን የደከመችበትን ዶሮ አቅርባ እንኳ «ምንም የለውም እኮ፣ እንዲያው ቅመሱልኝ» ትላለች። ራሱን የሚያመሰግን ወጥ ይህን ደንብ ስለሚጥስ ያስጠረጥራል።

በኋላ እንዳገኘሁት ይህ ነገር በሌላም አገር ተስተውሏል። ሊንዳ ቤከንና ዳሪዮ ክርፓን በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018) ባሳተሙት ጥናት ልዩ ልዩ የምግብ ዝርዝሮችን አዘጋጅተው ሰዎች እንዲመርጡ አድርገዋል። አትክልትን በሚያስጎመጅ ቃል መግለጽ አትክልት አልፎ አልፎ ብቻ የሚበሉትን ሰዎች ሲስብ፣ አዘውትረው የሚበሉትን ግን ወደ ኋላ የመመለስ ዝንባሌ አሳይቷል። አትክልቱን ለብቻው በአንድ ክፍል ለይቶ መጻፍም አዘውትረው የሚበሉትን ሰዎች አርቋል። የእኛ ሰው እኮ ሥጋ በሊታ ሆኖ ሳለ አትክልትን አዘውትሮ የሚያውቅ ነው! ምስርን ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚያውቅ ሰው ምስርን ማስተዋወቅ አባቱን እንደ ማስተዋወቅ ይሆንበታል። በከተማችን የምግብ ዝርዝር ላይ «የጾም» እና «የፍስክ» ተብሎ በሁለት ዓምድ መክፈሉም ከዚሁ አንጻር ሊታይ የሚገባው ነው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? አክስቴ «የሠራሁትን ጻፍ» አሉኝ፤ ከዚያም እርሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። «ቁሌቱ ከጧት ጀምሮ የተቁላላ ምስር፣ በማረቆ በርበሬ።» «በጣባ እየተንተከተከ የሚቀርብ ተጋቢኖ።» «ሰናፍጩ አፍንጫ የሚነካ አዚፋ።» «ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል።» በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንድ የምስጋና ቃል የለም፤ ሥራውና ዕቃው ብቻ ነው የተነገረው። ነገር ግን ከሥጋው ስም ጋር ብታነጻጽሯቸው ተመሳሳይ ሥራ ሲሠሩ ታገኛላችሁ፤ እሳቱንና እጁን ያሳያሉ። ማረቆ የሚለው የቦታ ስም ለአንባቢው ብዙ ይነግረዋል፤ በርበሬ የሚያውቅ ሰው ማረቆን ያውቃል። «እንጀራውንም የአዳ ማኛ ነው ብዬ ልጻፍ?» ብላቸው፣ «ማኛ ስገዛ ማኛ ብለህ ትጽፋለህ» ብለው መለሱልኝ። ይህን የተናገሩት የስታንፎርዶቹን ሁለተኛ ጥናት ሳያነቡ ነው። በአምስት ዩኒቨርሲቲዎች ተደርጎ በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) የወጣው ይህ ጥናት ጣዕምን የሚያወሳ ስም ጤናን ከሚያወሳው በ29 በመቶ፣ ከተራው ስም ደግሞ በ14 በመቶ የበለጠ ሰው እንደ ሳበ ያሳያል፤ ሆኖም ስሙ የሠራው አትክልቱ በእርግጥ በጣፈጠበት አዳራሽ ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። «የጾም» የሚለውን ቃል ከሰሌዳው ካነሣነው የሚጾመው ሰው ምን ይሁን? ይህ ቃል እንደ ሌላው ስም ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ቅቤ የለበትም፣ ድስቱም ከሥጋ ጋር አልተነካካም የሚል ቃል ኪዳን ነው። ደንበኛ ለመሳብ ተብሎ ሊደበቅ አይገባውም። እኔ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ባልሆንም፣ የሌላውን ሰው ጾም በጠመኔ ማስፈታት ኃጢአት መሆኑን ዐውቃለሁ። መፍትሔው ከአሳላፊዎች አፍ ተገኘ። ሽሮ ያዘዘ ሰው በየምግብ ቤቱ «በቅቤ ነው በዘይት?» ተብሎ ይጠየቃል። «በዘይት» የሚለው ቃል ለጿሚው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይነግረዋል፤ ለማይጾመው ግን ቀኑን አያስታውሰውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስም መጨረሻ ላይ «በዘይት» ብለን ጻፍን፤ ከሰሌዳው ግርጌም ድስቱ ለብቻው መሆኑን ገለጽን።

በዚህም ያላሰብነው ሰው መጣ። በአራዳ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ይሠራል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ሥጋ ይለያያቸዋል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ሥጋ ቤቱም የተለያየ ነው። በአቅራቢያው ጋራዥ አብረው የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን፣ ለየብቻ ይበሉ ነበር። «የጾም አለ» የሚለው ጽሑፍ ለእስላሙ ልጅ የክርስቲያኖች ጉዳይ ሆኖ ይታየው እንደ ነበር ኋላ አጫውቶኛል፤ በእርሱ ቤት ጾም ሲባል ረመዳን ነውና። «በዘይት» የሚለውን ሲያነብ ግን ለእርሱም እንደሚሆን ገባው። አሁን በአንድ ትሪ ይቀርባሉ።

ምን ያህል ሽያጭ እንደ ጨመረ በቁጥር ልናገር አልችልም፤ ቤቱ አዲስ ስለ ነበር ሰው በጊዜ ብዛት ለምዶትም ይሆናል። የማውቀው የማታው ትራፊ ማነሱንና ሰዎች ሲያዝዙ የሰሌዳውን ቃል መልሰው መናገር መጀመራቸውን ነው። «ያን አፍንጫ የሚነካውን አምጪልን» ይላሉ። ሥጋ የሚፈልግ ሰው አሁንም ሥጋ ይፈልጋል፤ በበዓል ማግሥት የማረቆ በርበሬም ሆነ የጣባ መንተክተክ ማንንም አይመልስም።

ከሰፈራችን ሰፋ አድርገን ብናይ፣ «የጾም» የሚለው ቃል ሳያስፈልገው ይኸው ምግብ የተወደደበት ቦታ አለ። በፒያሳ በእቴጌ ጣይቱ ስም በሚጠራው አሮጌ ሆቴል ለብዙ ዓመታት በምሳ ሰዓት ሥጋም ወተትም የሌለበት ቡፌ ይቀርብ ነበር፤ የውጭ አገር እንግዶችም በተለይ ለእርሱ ብለው ይመጡ ነበር። በዋሺንግተን ያሉ ወገኖቻችን ምግብ ቤቶችም ይህንኑ ትሪ «ቬጂ ኮምቦ» ብለው ሲሸጡ፣ የሚበላው አሜሪካዊ ቀኑ ረቡዕ ይሁን ሐሙስ አይጠይቅም። ለእርሱ ምስሩ ገና ከቀን ጋር አልተጋባም። እኛ ለማፋታት የምንደክመውን እርሱ ከመጀመሪያው ነጻ ሆኖ አገኘው።

በስም ሊረዳ ያልቻለ አንድ ምግብ መኖሩንም መናገር አለብኝ፤ እርሱም ሱፍ ፍትፍት ነው። ሱፉ ተወቅጦና ተጨምቆ እንደ ወተት ነጥቶ ሲወጣ፣ እንጀራ ተፈትፍቶበት ቃሪያ ጣል ሲደረግበት፣ በዐቢይ ጾም ሰው ተሰልፎ ይበላዋል። በፍስክ ቀን ግን ጭማቂውን ብናወሳ፣ ነጭነቱን ብናወሳ፣ ቀዝቃዛነቱን ብናወሳ፣ የሚያዝዝ ጠፋ። አንድ ደንበኛ «የታመመ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። አክስቴ አሁን በፍስክ ቀን ሱፍ የሚሠሩት ለራሳቸው ብቻ ነው፤ ማታ ሰሌዳውን ስደመስስ ለእኔም አንድ ሳሕን ያስተርፉልኛል።